ላይዳር ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

መጀመሪያ ጥያቄዎን ይለዩ። ላይዳር የሌዘር ብርሃን ወደ ሰማይ እየላከ ብናኝ ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን በቴሌስኮፕ ይቀበላል። ብርሃን በ100 ናኖሰከንድ 15 ሜትር ደርሶ ስለሚመለስ፣ ሰዓቱን በመቁጠር ብቻ አቧራው የትኛው ከፍታ ላይ እንደተነባበረ ይታወቃል። በአንድ ሜትር ኩብ ስንት ማይክሮግራም እንዳለ ግን በራሱ አይነግርዎትም። ማወቅ የፈለጉት የከተማው ሰው የሚተነፍሰውን ከሆነ፣ ገንዘቡን መሬት ላይ ለሚተከል የብናኝ መለኪያ ያውሉት። ላይዳሩ ይቆይ።

በብዙዎቹ መሣሪያዎች የሌዘሩ ጨረርና የቴሌስኮፑ እይታ ሙሉ በሙሉ የሚገጥሙት ከመሬት ጥቂት መቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ ነው። የጠዋት የማገዶ ጭስ ተኝቶ የሚያረፍደው ደግሞ ከዚያ በታች ነው! ሻጩን "ሙሉ እይታው ከስንት ሜትር ይጀምራል?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ለአውሮፕላን ማረፊያ የደመና ከፍታ እንዲለኩ የተሠሩት ሴሎሜትሮች ዋጋቸው ቀለል ይላል፤ ቀን ከሌት ያለ ጠባቂ ይሠራሉ። ከእነሱ መካከል 910 ናኖሜትር አካባቢ የሚሠሩት ግን የውሃ ተን ብርሃናቸውን ስለሚውጥባቸው እርማት ይሻሉ። በ1064 ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል። አቧራን ከጭስ መለየት ካሻዎ ፖላራይዜሽን የሚለካውን ይምረጡ፤ ቅርጹ ያልተስተካከለ የበረሃ አቧራ በ532 ናኖሜትር የፖላራይዜሽን መዛባት ምጣኔው 0.3 አካባቢ ይሆናል፣ የክብ ጠብታ ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። የፀሐይ ብርሃን በብናኝ ምን ያህል እንደሚዳከም የሚለካ የፀሐይ ፎቶሜትር ጎን ለጎን ካለዎት ደግሞ ስሌትዎ ከግምት ይድናል።

አዲስ አበባ ላይ ለሚተክል ሰው አንድ የተለየ ነገር አለ። ከተማዋ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ግድም እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያይ ቴሌስኮፕ ፀሐይዋን ይሰበስብና ብርሃን ተቀባዩን ሊያቃጥለው ይችላል። ነሐሴን ደመናው ይሸፍንልዎ ይሆናል፤ ሚያዝያ ግን አይታመንም። አውሮፓ ውስጥ ፀሐይ አናት ላይ ስለማትወጣ እዚያ የለመደ ባለሙያ ላያነሳልዎት ይችላል። መሣሪያውን ትንሽ ማዘንበል ወይም መከለያ ማስገጠም ይበቃል።

ጨረሩ ለዓይን አስጊ ከሆነ ከአቪዬሽን ባለሥልጣን ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ያስቡበት። ውል ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ የመሣሪያውን መስታወት የሚወለውለው ሰው ማን እንደሆነ በስም ይወስኑ።