ርዕሱን አቁመው

በጫጫ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አስፋልት ዳር፤ ጡረታ የወጡ ታፔላ ጸሐፊ እና የሠርግና የመዝሙር ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ወጣት

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ መቁረጥ መቀጠሉ ላይ አልታማም። ድምፁንም ከለሩንም አስተካክላለሁ። ርዕስ፣ ስም፣ የዩቲዩብ ተምኔይል ላይ ስደርስ ግን ሥራዬ ይወርዳል። «ግራፊክ ዲዛይን ተማር» ይሉኛል። ከየት ልጀምር?

ሽማግሌው፦ እስቲ ስልክህን አምጣ። ይሄ ጽሑፍ ምን ሆኖ ነው የሚሽከረከረው?

ወጣቱ፦ ኢፌክት ነው። እንዲያምር ብዬ።

ሽማግሌው፦ አቁመው። አሁን አንብብልኝ።

ወጣቱ፦ «የሠርግ ቡራኬ»።

ሽማግሌው፦ እኔ የማነበው «በራኬ» ነው። የ«ቡ» ምልክት እኮ ከቀኝ እግሩ መሃል የወጣች አጭር ጭረት ናት። አንተ ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር ጠርዝ ሰጠኸው፣ ጥላ ጨመርክ፣ ብርሃን ደረብክ፤ ጭረቷ ተዋጠች። የእኛ ፊደል ግዕዙን ከካዕብ፣ ካዕቡን ከሣልስ የሚለየው በእንዲህ ያለች ቁራጭ ነገር ነው። ሲሽከረከር ጉዱ አልታየህም። እናንተ የቪዲዮ ሰዎች ያላማረውን ታንቀሳቅሱታላችሁ፤ ሕመሙ እሱ ነው። ዲዛይን የሚለመደው በቆመ ምስል ነው። ሶል ባስ የሚባለው አሜሪካዊ ለሂችኮክ ፊልሞች፣ ለ«ቨርቲጎ» እና ለ«ሳይኮ»፣ መግቢያ ርዕሶችን የሠራ ሰው ነው፤ ሙያውን የጀመረው ግን በፖስተርና በማስታወቂያ ነበር። ወረቀት ላይ ማቆም የቻለውን ነው በኋላ ያስኬደው።

ወጣቱ፦ እኛ አገርስ ማንን ልይ?

ሽማግሌው፦ ጎረቤትህን! ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም አንኮበር ነው የተወለደው። እንግሊዝ የሄደው ማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር፤ ሥዕል አሸነፈውና ለንደን ሴንትራል እና ስሌድ የሚባሉ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ገባ። ከዚያ በአውሮፓ ሲዞር የመስታወት ሥዕል ጥበብ አጠና፤ በየቤተ መጻሕፍቱ ያሉትን የእኛኑ የብራና መጻሕፍትም ተቀምጦ አየ። ልብ በል፣ ዘመናዊውንና የቤቱን ባንድ ጉዞ! አፍሪካ አዳራሽ ያለው የመስታወት ሥራው 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ሰውየው ግን ቴምብርም ነድፏል። ያን የሚያህል ሰፊና ይህችን የምታህል ጠባብ ቦታ በአንድ እጅ ማዘዝ፣ ዲዛይን ማለት ይኸው ነው። አንተም ዛሬ ለትልቅ ስክሪን፣ ነገ ለስልክ ትሠራለህ።

ብራናውን አንተም ሄደህ እይ። ጸሐፊው አንድ ፊደል ሳይጥል በፊት ጠርዙን በወስፌ ይበሳል፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ መስመር ያሰምራል፣ ገጹን በዓምድ ይከፍላል። ኮምፒውተሩ ላይ ጋይድ የምትሉት መስመር የእሱ የልጅ ልጅ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም፤ ታዲያ ጸሐፊው ዋናውን ከተራው በምን ይለየዋል? በቀይ ቀለም። የአምላክን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ፤ ሌላውን በጥቁር። በቃ፣ ሁለት ቀለም! የምዕራፉን ራስ በሐረግ ያስጌጣል፣ ሐረጉ ግን ጽሑፉ ላይ አይወጣም። አንተ አንድ ስም ላይ ስንት ቀለም አደረግህ?

ወጣቱ፦ አምስት።

ሽማግሌው፦ ጸሐፊው በጽሑፉ ዙሪያ የሚተወው ባዶም አለ። እሱን ነገር ባታስነሳኝ ይሻል ነበር። በደርግ ጊዜ መፈክር፣ ከዚያ በኋላ የሆቴልና የሱቅ ታፔላ ጻፍኩ፤ ዕድሜዬ በዚሁ አለቀ። አንድ መሥሪያ ቤት ግን፣ ስሙን አልጠራም፣ ትልቅ ታፔላ አዘዘኝ። አስፋልት ዳር የሚቆም፣ አውቶቡስ እየበረረ የሚያልፍበት። ስሙን ከመሃል ወደ ግራ አድርጌ፣ ከታች የመንገዱን አቅጣጫ ጻፍኩ፤ የቀረውን ሲሶ ነጭ ተውኩት። ኃላፊው መጥቶ ዞር ዞር አለና «ይሄ ጎን አላለቀም» አለኝ። አልቋል አልኩት። «ለሙሉ ሰሌዳ ነው የከፈልነው» አለ። ፈገግ ያለ መስሎኝ ነበር፤ የምሩን ነው! የገብስ ዛላ አስገባ፣ በግ አስገባ፣ ሁለት የተጨባበጡ እጆች፣ ሦስት ስልክ ቁጥር፣ የዓመቱ ዕቅድ። እምቢ ስል «ቀለም አልቆበት ነው» ተብሎ ከተማው ሁሉ ወሬ ሆነ። ቀለም አልቆበት! ሁለት ሙሉ ጣሳ ቤቴ ነበር። የኋላ ኋላ ሌላ ሰው ጠርተው አስሞሉት፤ እንግዳ የመጣ ሁሉ ታፔላው ሥር ቆሞ መሥሪያ ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። አሁንም ተምኔይል ባየሁ ቁጥር ያ ኃላፊ ትዝ ይለኛል። አንዱ አፉን ከፍቶ፣ ቀይ ቀስት ተሰክቶበት፣ እሳት ከኋላው፣ ሰባት ቃል ከፊቱ። ባዶ ቦታ ዓይን የሚያርፍበት ነው እንጂ ሥራ የቀረበት አይደለም። ይሄ የሚገባው አለቃ...

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ስልክ ላይ የሚወጣውስ?

ሽማግሌው፦ እ? አዎ። ቲክቶክ ላይ ቀኝ ጎን ልብና ኮሜንት አለ፣ ግርጌው ደግሞ የአካውንቱ ስም። የሙሽሮቹን ስም እዚያ ከጻፍከው ማን ያየዋል? ወደ መሃል አምጣው። ጨርሰህ ስታበቃ ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርገው፤ ጽሑፉ ከበስተኋላው ጋር ከተመሳሰለ የቀለም ምርጫህ አልሠራም። ከዚያ ስልኩን ክንድህን ዘርግተህ ያዘው። ካልተነበበ ፊደሉን አተልቅ ወይ ቃል ቀንስ። ፎንት ከሁለት አታሳልፍ፤ ኖቶ በነፃ ይወርዳል፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም ስላለው ርዕሱን በወፍራሙ፣ ዝርዝሩን በቀጭኑ ከአንዱ ቤተሰብ ትጨርሳለህ።

ወጣቱ፦ ሶፍትዌሩስ? ፎቶሾፕ ወይስ ኢለስትሬተር?

ሽማግሌው፦ የወንድሜ ልጅ ማተሚያ ቤት ነው፤ አጠገቡ እየተቀመጥኩ አይቻለሁ። ለፊደልና ለሎጎ ኢለስትሬተር፤ ብታተልቀው አይፈዝም። ለፎቶ ፎቶሾፕ። አፍተር ኢፌክትስ ኋላ ይደርሳል። አሁን ይሄን «ቡራኬ» ያለ ጠርዝ፣ ያለ ጥላ፣ በአንድ ቀለም ጻፈው። ቦታውን ሦስት ዓይነት አድርገህ ሞክርና ነገ አምጣልኝ።

ወጣቱ፦ ነገ ደብረ ብርሃን ሠርግ አለብኝ።

ሽማግሌው፦ እንግዲያው ከነገ ወዲያ። የነገውንም ርዕስ ይዘህ ና።