ከመግቢያ ፈተና እስከ እንጀራ፦ ጥበብን በዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ

ልጃቸው «ሠዓሊ እሆናለሁ» ወይም «ቴአትር እማራለሁ» ሲላቸው ብዙ ወላጆች «ምን ልትበላ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የሚሰናዳው ከምረቃ በኋላ ሳይሆን ገና ከመግቢያ ፈተናው በፊት ነው።

1. ዘርፍን መለየት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ግራፊክስ የሚሰጠው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። በቺካጎ የተማሩት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. መሠረቱት። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንት ይሰጣሉ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የቴአትር ትምህርት ደግሞ ዛሬ በጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ ስም ይጠራል።

ለመምረጥ የተቸገረ አመልካች ዝናውን ትቶ የዕለት ውሎውን ያስብ። ሠዓሊ ለብቻው ረጅም ሰዓት ይቀመጣል፤ ተዋናይ ያለ ጓደኞቹ ልምምድ የለውም።

2. ለተሰጥኦ ፈተና መዘጋጀት

የብሔራዊ ፈተና ውጤት ብቻውን አያስገባም፤ እጅም ድምፅም ይፈተናል። ይዘቱ ከዓመት ዓመት ሊለያይ ስለሚችል የዓመቱን ማስታወቂያ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ለሥዕል ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ጀበናና ሁለት ሲኒ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃዋል። ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የጀበናውን ቁመት ከወርዱ ጋር በእርሳስ ይለካል። ቀጥሎ ጠቅላላ ቅርጹን በስሱ ይነድፋል፤ ከዚያ ጥላውን፣ በመጨረሻ ዝርዝሩን ይሠራል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ከጆሮው ወይም ከአፉ ይጀምርና የጀበናው ቂጥ ከወረቀቱ ውጭ ይቀርበታል።

ተዋናይ አጭር መነባንብ በቃሉ ይያዝ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ጓደኛው መስማቱንም ያረጋግጥ። ሙዚቀኛ ደግሞ ከባድ ዜማ አበላሽቶ ከሚጫወት ቀላሉን ምቱን ሳይስት ቢጫወት ይሻለዋል።

3. ሥራን ከመጀመሪያው ዓመት መሰነድ

የክፍል ሥራ ሁሉ የነገ ማመልከቻ ነው። ሥዕል ፎቶ ሲነሳ ፍላሽ ይጠፋል፣ ብርሃኑ ከጎን ከመስኮት ይመጣል፣ ካሜራው ከሥዕሉ መሐል ትይዩ ይያዛል። ርዕስ፣ ዓመት፣ የተሠራበት ቁስና መጠን አብረው ይጻፋሉ። ቴአትርና ሙዚቃ ሳይቆራረጡ በቪዲዮ ይቀረጻሉ። የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 የተመረጡ ሥራዎች ስለሚጠይቁ ደካማውን ማውጣትም ሥራ ነው።

4. ተጓዳኝ ሙያ መያዝ

በጥበብ የሚተዳደር ሰው ብዙውን ጊዜ ገቢው ከሁለት ወገን ነው። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ወደ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶም በያሬድ እያስተማረ ኮንሰርት አቀረበ። ኤልያስ ስሜ ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1982 ዓ.ም. ተመርቆ ከልብስ ቁልፍ፣ ከክርና ከኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ በሚሠራቸው ሥራዎቹ በዓለም ታወቀ። ከኤግዚቢሽን አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር ሆኖም ዞማ ሙዚየምን አቋቋመ።

ስለዚህ የሥዕል ተማሪው ግራፊክ ዲዛይን ወይም አኒሜሽን፣ የቴአትሩ የመድረክ መብራት ወይም የፊልም ኤዲቲንግ፣ የሙዚቃው የድምፅ ቀረጻ ወይም ማስተማር በትምህርት ላይ እያለ ይልመድ።

5. ውል መፈራረም

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሆኖም ሥራው የት፣ ለምን ያህል ጊዜና በስንት ብር እንደሚውል፣ ክፍያውም መቼ እንደሚፈጸም በውል ላይ መስፈር አለበት። ደንበኛው ዘመድ ቢሆን፣ ሥራውም የሠርግ ጥሪ ካርድ ቢሆን፣ ተማሪው እርሳስ ከመያዙ በፊት አንድ ገጽ ውል ይፈራረም፤ ቅድመ ክፍያም ይቀበል።