የኦፕራሲዮን ዋዜማ

በቅርቡ የቀዶ ሕክምና ክፍል የተመደበች ነርስ፣ ዕድሜያቸውን በሰመመን ሰጪነት ካሳለፉ ጡረተኛ ጋር ያደረገችው ጭውውት ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ነገ የእንቅርት ኦፕራሲዮን የሚደረግላቸው እናት አሉ። ግፊታቸውን ስለካ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «አይዞዎት፣ ቀላል ነው» ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጋሼ፦ ምን እንዳስፈራቸው ጠየቅሻቸው?

ወጣቷ፦ አልጠየቅኋቸውም። መቀደዱ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ብዬ።

ጋሼ፦ መቀደዱን የሚፈራ አለ፤ እኔ ያየኋቸው ግን አብዛኞቹ የሚፈሩት መተኛቱን ነው፤ «ካልነቃሁስ?» ይላሉ። ሌላው ደግሞ በመሃል ነቅቼ ሕመሙ ይሰማኛል ብሎ ይሰጋል። ለሰመመን ወገቡ ላይ በሚወጋው መርፌ ሽባ ሆኜ እቀራለሁ የሚልም አለ። የእንቅርት ታካሚ ድምፄ ይጠፋል ብሎ ቢፈራ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ሐኪሙ ራሱ ሊነግራቸው ይገባል። ከገጠር የመጡ ከሆነ ደግሞ ልጆቹን ማን ያበላል፣ በሬ ተሸጦ የመጣው ገንዘብ ይበቃ ይሆን፣ ይህም አለ። አንቺ ቀላል ነው ስትያቸው ይህን ሁሉ ለማን ይንገሩ?

ወጣቷ፦ የሚፈሩት ግን ጥቂቶች አይደሉም እንዴ?

ጋሼ፦ የለም፣ ልጄ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 239 ታካሚዎች ተጠይቀው ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ታትሟል፤ 70 በመቶ ያህሉ ጭንቀት ነበረባቸው። በምክንያትነት ጎልቶ የወጣው የሞት ፍርሃት ነው። በብዙ አገር ጥናቶች ሴቶች፣ ወጣቶችና ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን የማያውቁ ሰዎች በብዛት ይጨነቃሉ። ይሁንና ቀድሞ በክፉ ሁኔታ የታከመ ሰው ከጀማሪው ሊብስ ይችላል። በጅማው ጥናት ብዙዎቹ ጭንቀታቸውን የሚያቀልሉት ከሌሎች ታካሚዎች ጋር በመጫወትና በእምነታቸው እንደሆነ ተናግረዋል። ባለሙያው ዝም ሲል አጠገብ ያለው አልጋ ይናገራል፤ እዚያ ደግሞ እውነትም ወሬም ይገኛል።

ወጣቷ፦ ጭንቀቱ ሕክምናውን ይጎዳል?

ጋሼ፦ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ለማስተኛት ተጨማሪ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከነቁ በኋላም ሕመሙ ይበረታል። ቦስተን ውስጥ ኤግበርት የሚባል ሰመመን ሰጪ ሐኪምና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ያሳተሙት ሥራ አለ። ሆዳቸውን ለሚቀደዱ 97 ሰዎች እንደ ወትሮው ሁሉ ጉብኝት ተደረገላቸው። ከመካከላቸው ለከፊሉ ግን ሕመሙ የት እንደሚሰማቸው፣ ለምን እንደሆነ፣ ጡንቻቸውን እንዴት ማላላትና እንዴት መገላበጥ እንዳለባቸው አስቀድሞ ተነገራቸው። የተነገራቸው ሰዎች የወሰዱት ማስታገሻ በግማሽ ያህል አነሰ። የትኛው ታካሚ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የማያውቁት ቀዳጆች እነዚህን በአማካይ 2.7 ቀን ቀድመው አሰናበቷቸው። ወጪው ንግግር ብቻ ነበር! ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጊዜ የለኝም የሚል ባለሙያ ያሳዝነኛል።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ለሁሉም ሁሉን ልንገር?

ጋሼ፦ እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ማወቅ የሚያሳርፈው አለ፤ ማወቅ የሚያባብሰው አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 አምስተርዳም ውስጥ የተዘጋጀ የስድስት ጥያቄ መመዘኛ አለ። አራቱ ስለ ፍርሃት ናቸው፤ ሁለቱ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ ይላሉ። ወረቀቱ ባይኖርሽ እንኳ ሁለተኛውን ጉዳይ በአፍሽ ጠይቂ። ደግሞ ቤተ ዘመዱን አንድ ጊዜ ከክፍሉ አስወጪ። እኛ ዘንድ ልጅ በእናቱ ፈንታ ይመልሳል፣ ባል በሚስቱ ፈንታ ይመልሳል፤ የታመመው ሰው የራሱን ቃል ሳይናገር ወደ ቀዶ ክፍል ይገባል።

ወጣቷ፦ እኚህ እናት አንድ ጊዜ ተራቸው ተላልፎባቸዋል። ድንገተኛ ታካሚ ገብቶ።

ጋሼ፦ ሰው ጾሙን አድሮ፣ ጋውን ለብሶ፣ ከሰዓት በኋላ «ሌላ ቀን» ሲባል ሁለተኛው ዋዜማ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ድንገተኛው መቅደሙ ግድ ነው፤ ምክንያቱን ሳይነግሩ ማሰናበት ግን ግድ አይደለም። ውሃ መጠጣት ይችሉ እንደሆነም ሰመመን ሰጪውን ጠይቂ። የሆድ ችግር ለሌለበት አዋቂ ሰመመኑ ሊሰጠው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ንጹሕ ውሃ መጠጣትን ዛሬ ብዙ መመሪያዎች ይፈቅዳሉ። ሳያስፈልግ የተጠማ ሰው ይብስ ይጨነቃል።

ወጣቷ፦ ሁሉን ሰምተው «አልፈልግም» ቢሉስ?

ጋሼ፦ ፊርማው የራሳቸው ነው፤ ማባበል ውስጥ አትግቢ። ለቀዳጁ ዛሬ ማታ ደውይ፤ እሱ መጥቶ ያናግራቸው፣ እንቅርቱ አየር ቧንቧውን እየተጫነ ከሆነም መቆየቱ ምን እንደሚያመጣ ይንገራቸው። የሚያሳስባቸው ገንዘብ ከሆነ የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ጥሪ፤ ቄስ ከፈለጉም ቄሱ ይግቡ። ያም ሆኖ እምቢ ካሉ ቀጠሮ ያዢላቸው፤ የነገውን ተራ ለሚቀጥለው ታካሚ አሳልፊና እሱንም ዛሬ ማታ ሄደሽ አናግሪው።