የመረጥነው ሰው ከምን ይበላል?

ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ዱሮ ለጭቃ ሹም የመንግሥት ደመወዝ አይቆረጥለትም ነበር። የሚኖረው ከገበሬው ጉልበትና ከገበሬው ጓዳ ነው፤ የሚወስደውን ልክ በመዝገብ የሚጽፍ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም፣ ሊቀመንበሩን ገበሬው ራሱ መረጠ። እሱም እንደ ሌላው አርሶ አዳሪ እንጂ የወር ደመወዝተኛ አልነበረም። ነገሩ ጥሩ ይመስላል። ግን ሰኔ ላይ ሰው ሁሉ ሲያርስ እሱ ስብሰባ ሲውል በሬዎቹ ይቆማሉ፣ ማሳውን ዳዋ ይውጠዋል። ልጆቹስ ምን ይብሉ? እንዲህ የቸገረው ሰው፣ ባለጉዳይ ዶሮ ይዞ ሲመጣ “መልስ!” ለማለት አንጀቱ መጥናት አለበት። ዶሮዋ ደግሞ በየትም መዝገብ አትገባም።

ዛሬም የቀበሌ ምክር ቤት አባላት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ ነው የሚያገለግሉት። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ግን ተቀጣሪ ነው። ደመወዙ በወረዳው በጀት ይያዛል፤ በጀቱን የሚያጸድቀው የተመረጠው የወረዳ ምክር ቤት ነው። ተቀባዩ ለራሱ አይቆርጥም ማለት ነው።

“ለመረጥነው ሰው በደቦ እናርስለት” ብትሉ፣ ያም እንደ ደመወዝ ነው። በስብሰባ ይወሰን። ስንት ቀን፣ ስንት ጥማድ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። በጣቱ የሚያትም ካለ፣ ከማተሙ በፊት ማንበብ የቻለ ጎረቤቱ ያንብብለት።