ከይፋግ እስከ ፒ53

በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መስጠት ሲጀመር፣ በይፋግ ከተማ እጅጌዋን ሰብስባ የተሰለፈች ተማሪ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ ናት። ባዮሎጂ ወይም ባዮቴክኖሎጂ የምታጠኚ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ነው። ወንድሞችሽም ቢያነቡት አይጎዳቸውም።

ያ መርፌ የመጣው ከአንድ ሰው ጥርጣሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ተመራማሪዎች በሽታውን በሄርፒስ ቫይረስ ሲያመካኙ፣ ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሀውሰን ፓፒሎማ የተባለውን ቫይረስ ጠረጠረ። ብዙ ሰሚ አላገኘም፤ እሱም አልተወውም። በ1983 ቡድኑ ዓይነት 16ን በማኅፀን በር ካንሰር ዕጢ ውስጥ አገኘ፤ በ2008 ኖቤል ተሸለመ።

እኔን ከሽልማቱ ይልቅ የሚገርመኝ የቫይረሱ ተንኮል ነው። ሕዋሳችን ውስጥ ፒ53 የሚባል ፕሮቲን አለ። ዲኤንኤ ሲጎዳ ሕዋሱ እንዳይከፋፈል ያግዳል፤ ጉዳቱ ከባሰም እንዲሞት ያደርገዋል። ቫይረሱ ኢ6 በሚባለው ፕሮቲኑ አማካይነት የሕዋሱን የራሱን ኢንዛይም ይጠራና ፒ53 ላይ የማስወገጃ ምልክት ያስለጥፋል። ፒ53 ወዲያው ይሰባበራል። ዘበኛን በገዛ ቤተሰቡ ማስያዝ ይሉሻል ይኸ ነው! ኢ7 የተባለው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ አርቢ የሚባለውን ጠባቂ ያሰናክላል።

«ትችያለሽ» ማለት ቀላል ነው፤ ምን እንደምትችይ ልንገርሽ። ኢ6 ወደ 150 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። ቅደም ተከተሉን ዩኒፕሮት ከተባለው የመረጃ ቋት ሳንቲም ሳትከፍይ ታወርጂዋለሽ። ከዚያ የዓይነት 16ን ኢ6 ኪንታሮት ከሚያመጣው፣ ካንሰር ግን እምብዛም ከማያስከትለው ከዓይነት 11 ኢ6 ጋር አስተያዪው። የት ይለያያሉ? ልዩነቱ ፒ53ን ከማጥፋት ጋር ይገናኛል? ለመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ የሚፈልገውም ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ነው። አማካሪሽ የኮምፒውተር ውጤት በላቦራቶሪ እስኪረጋገጥ ግምት ነው ቢልሽ አትከፊ፣ እውነቱን ነው። ግምቱን በደንብ የሠራ ግን ላቦራቶሪ ሲገባ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ይፋግ ደግሞ በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል ናት፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ባዮቴክኖሎጂ ያስተምራሉ። ሄደሽ በር አንኳኪ።

ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቢ እናትሽንና አክስቶችሽን የቅድመ ካንሰር ምርመራ ወደሚሰጥ ጤና ተቋም ይዘሻቸው ሂጂ። ኢ6 ምን እንደሚሠራም መንገድ ላይ አጫውቻቸው። ክትባቱ ላንቺ እንጂ ለእነሱ አልደረሰም።