ቆርቆሮ ለምን ይንጣጣል?

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ ቀን በፀሐይ የጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ማታ ሲቀዘቅዝ ሲንጣጣ እንሰማለን። የሰፋው ብረት ሲኮማተር ሚስማሩ ይይዘዋል፤ ውጥረቱ በድንገት ሲለቀቅ ይጮኻል። የ3 ሜትር ቆርቆሮ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል።

የሚሰፉት አተሞቹ ራሳቸው አይደሉም፤ የሚጨምረው በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። አተሞች ዘወትር ይርገበገባሉ፤ ሙቀት ሲጨምርም እርግብግቢታቸው ይበረታል። ወዲህና ወዲያ እኩል ቢወዛወዙ ኖሮ ግን አማካይ ርቀታቸው ባልተለወጠ ነበር። ሲቀራረቡ የሚገፋቸው ኃይል በፍጥነት ይበረታል፤ ሲራራቁ የሚመልሳቸው ኃይል ግን ያን ያህል አይጠነክርም። በመሆኑም ወደ መራራቁ ያደላሉ፤ ብረቱም ይሰፋል።

ይህ በየዕለቱ ሲደጋገም ሚስማሩን ያላላል፤ ክረምት ሲገባ ጣሪያው እንዲያፈስ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።