ዘር ጽሑፉን እንዴት ይገለብጣል? ጉዳቱንስ እንዴት ይጠግናል?

1. ከላይ ደህና፣ ከውስጥ የሞተ

በደብረ ማርቆስ አካባቢ የዘር ወቅት ሲቃረብ ገበያው በዘር ፈላጊ ይሞላል። ሮብ ገበያ የወጣ ገበሬ የገብስ ዘር ሲገዛ ዝም ብሎ አያሰፍርም። ዘገን አድርጎ ያያል፤ ያሸታል። አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበር አድርጎ መድረቋን ይፈትናል። ይህ ከአባት ከአያት የመጣ መልካም ብልሃት ነው።

ነገር ግን ዓይንም ጥርስም የማይደርሱበት ነገር አለ። ፍሬዋ ከላይ ስትታይ ደህና ሆና ውስጧ የሞተ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዘር ሳይበቅል ሲቀር ገበሬው የሚያጣው ዘሩን ብቻ አይደለም። የራሱ ጉልበት፣ የበሬው ድካም፣ የክረምቱም ጊዜ አብሮ ይሄዳል።

ለመሆኑ በፍሬዋ ውስጥ ምን አለ? የሚጎዳውስ ምንድን ነው?

2. በ4 ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ

ቤት ከብዙ ድንጋይ እንደሚሠራ፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይሠራል። ሕዋሶች በጣም ትንንሽ ስለሆኑ አብዛኞቹ የሚታዩት በማይክሮስኮፕ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል ረጅምና ቀጭን ክር አለ። ገብስ ዘርተን ገብስ እንጂ ስንዴ የማናጭደው፣ ጥጃም እናቱን የሚመስለው በዚህ ክር ላይ በተጻፈው ምክንያት ነው።

የእኛን ፊደል ለመለየት ስንት ቀን እንደፈጀ አንባቢው ያውቀዋል። የዲ ኤን ኤ ፊደሎች ግን 4 ብቻ ናቸው። ስማቸውም ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ይባላል። እነዚህ 4 ፊደሎች እየተደጋገሙ ይሰደራሉ። የሰው ጽሑፍ አንዱ ቅጂ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል አለው። የገብስ ደግሞ ወደ 5 ቢሊዮን ይደርሳል። ቢሊዮን ማለት አንድ ሺህ ጊዜ ሚሊዮን ነው።

ክሩ አንድ ሳይሆን እንደ ገመድ የተገመደ ጥንድ ነው። በአንዱ ክር ላይ ኤ ካለ በሌላው ትይዩ ቲ ይቆማል። ጂ ካለ ደግሞ ሲ ይቆማል። ስለዚህ አንዱን ክር ያነበበ ሌላውን ማወቅ ይችላል። ይህን የጥንድ አሠራር ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1953 አስታወቁ። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለች ሴት ሊቅ በራጅ ያነሣችው ሥዕል ለዚህ ግኝት ትልቅ እርዳታ ሰጥቷል።

3. ግልበጣ

ቡቃያ የሚያድገው፣ ልጅም የሚረዝመው ሕዋሶች እየተከፈሉ ሲበዙ ነው። አንዱ ሕዋስ ሁለት ከመሆኑ በፊት ጽሑፉ መገልበጥ አለበት። አለዚያ አንደኛው ባዶ እጁን ይቀራል።

በመጀመሪያ የተገመዱት ሁለት ክሮች ይፈታሉ። ቀጥሎ ኢንዛይም የሚባሉ የሕዋሱ ሠራተኞች በእያንዳንዱ ነባር ክር ትይዩ አዲስ ክር ይሠራሉ። በኤ ፊት ቲን፣ በጂ ፊት ሲን ያኖራሉ። በመጨረሻ ሁለት ጥንዶች ይገኛሉ። በእያንዳንዱም ጥንድ አንዱ ክር ነባር፣ አንዱ አዲስ ነው።

በገዳም ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ እንኳ አልፎ አልፎ ይስታል። ስለዚህ ጽሑፉን ከዋናው ጋር አስተያይቶ ያርማል። ኢንዛይሙም እንዲሁ ነው። የማይገጥም ፊደል ካኖረ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነሣዋል፤ ትክክለኛውንም ይተካል። ከዚያም ሌሎች ኢንዛይሞች ዳግመኛ ይመረምራሉ። ከዚህ ሁሉ እርማት በኋላ ሳይታረም የሚቀረው ከአንድ ቢሊዮን ፊደል አንድ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነው።

4. ጥገና

ክሩ በግልበጣ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። የፀሐይ ጨረር ይጎዳዋል። የሲጋራ ጢስ ይጎዳዋል። በሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝም ይጎዳዋል። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ብቻ በየቀኑ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጉዳት ይደርሳል።

ሕዋሱ ግን ዝም ብሎ አያይም። ጠጋኝ ኢንዛይሞች የተበላሸውን ቦታ ፈልገው ያገኙታል። ቆርጠው ያወጡታል። ጤነኛውን ትይዩ ክር እያነበቡ ክፍተቱን ይሞላሉ። ከዚያም ጫፍና ጫፉን ያያይዛሉ።

ይህን ከመረመሩት አንዱ አዚዝ ሳንጃር ይባላል። የተወለደው በቱርክ አገር ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ልጆቻቸው እንዲማሩ ግን በጣም ይተጉ ነበር። ልጃቸው በፀሐይ ጨረር የተጎዳ ዲ ኤን ኤ እንዴት እንደሚጠገን ደረሰበት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከቶማስ ሊንዳልና ከፖል ሞድሪክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ጉዳቱ ከጥገናው ሲበልጥ ሕዋሱ ይሞታል። ሳይሞት ቢቀር ደግሞ ከሥርዓት ወጥቶ ያለ ልክ ሊበዛ ይችላል። ካንሰር የሚጀምረው እንዲህ ነው። እንደ ጎጃም ባለ ደጋ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይበረታል። በተለይ ቆዳቸው ቀለም ሳይኖረው ለተወለዱ ሰዎች ባርኔጣ፣ ሙሉ እጅጌና ጥላ የግድ ያስፈልጋል። የሻገተ እህልም ለምግብ አይሁን።

5. ደረቅ ዘር እንዴት ይሆናል?

በጎተራ ያለ ደረቅ ዘር እንደ ተኛ ነው። ሲተኛም ክሩ በጥቂት በጥቂቱ መጎዳቱን አይተውም። ውሃ ስለሌለ ግን ጠጋኞቹ መሥራት አይችሉም። ስለዚህ ጉዳቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ጎተራው ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል።

ዘሩ ዝናብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ሥር መስደድ አይደለም። የተጎዳውን መጠገን ይጀምራል። ሕዋሶቹ የሚከፈሉትም ከዚህ በኋላ ነው። ያረጀ ዘር የሚዘገየው ብዙ የሚጠገን ስላለበት ነው። ጥገናው ካልቻለው ቡቃያው ይቀጭጫል፤ ወይም ከነአካቴው አይበቅልም።

6. ስሕተት ሁሉ ጥፋት አይደለም

ሳይታረሙ የሚቀሩት ጥቂት ስሕተቶች ወደ ልጅ ልጅ ያልፋሉ። አንዳንዱ ይጎዳል፤ አንዳንዱ ምንም አያደርግም። አንዳንዱ ግን ይጠቅማል። የአገራችን ገብስ ጥቁር፣ ነጭና ሰነፍ ቆሎ እየተባለ የተለያየው እንዲህ ያሉ ለውጦች በብዙ ዘመን ተጠራቅመው ገበሬው ስለመረጣቸው ነው።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ገብሱን ቢጫ የሚያደርግና የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ነበር። በሽታውን የሚቋቋም ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። እንዲህ ያለው ሀብት እንዳይጠፋ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ማዕከል ተቋቋመ። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። በማዕከሉ ዘሩ በደንብ ደርቆ በብርድ ይቀመጣል፤ የክሩ ጉዳት በዚያ ይዘገያልና።

7. ገበሬው ምን ያድርግ?

ሀ. ለዘር የሚሆነውን ከሚበላው ለይቶ በደንብ ያድርቅ። ሳይደርቅ አያክት።
ለ. ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያኑር። ከመሬት ከፍ ያድርገው።
ሐ. ከመዝራቱ ከ2 ሳምንት በፊት ይፈትን። ሳይመርጥ 100 ፍሬ ይቁጠር። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ሥር ያኑር። ጨርቁ አይድረቅ፤ ውሃም አይተኛበት። ገብስና ስንዴ ከሆነ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ይቁጠር። 90 ያህል ቢበቅሉ ዘሩ መልካም ነው። 50 ብቻ ቢበቅሉ ግማሹ ሙት ነው፤ ጊዜ ሳያልፍ ሌላ ዘር ይፈልግ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የዲ ኤን ኤ ፊደሎች ስንት ናቸው? የትኛው ከየትኛው ጋር ይቆማል?
2. አንዱ ክር ሲጎዳ ሌላው ክር ለጥገናው ምን ይጠቅማል?
3. ያረጀ ዘር ለምን ዘግይቶ ይበቅላል?
4. ከቤታችሁ ዘር 100 ፍሬ ቆጥራችሁ ፈትኑ። ስንት በቀለ? ውጤቱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለጎረቤት አንብቡ።